ሰባት ከዐሥር

ሰቆጣ ደሴት ናት። ዙሪያዋን ውሃ የለም፤ እንዲያውም ባሌን ወደዚህ ያመጣው የውሃ አለመኖር ነው። ነገር ግን ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ መብራቱ ሲከተለው፣ የወልድያው አውቶቡስ ደግሞ «ነገ ነው» ሲባል፣ ሰው ደሴት ላይ መሆኑን ያውቀዋል። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ከከተማው መውጫ ኬላ ወዲያ ያለውን ሁሉ ባሕር ማዶ ነው የምንለው። እናቴ ስትሸኘኝ ያለቀሰችው ለቅሶ ለሰቆጣ የሚበዛ፣ ለአውስትራሊያ የሚበቃ ነበር።

ባሌ የጉድጓድ ውሃ መሐንዲስ ነው፤ ለሁለት ዓመት ተመድቦ መጣ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤቴ የሦስት ወር ፈቃድ ለምኜ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ልሞክረው ተከተልኩት። ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ከተስማማኝ ሥራዬን ለቅቄ አብሬው እኖራለሁ፤ ካልተስማማኝ ልጃችንን ይዤ እመለሳለሁ፣ እሱ ብቻውን ይቀራል። «መስማማት» ማለት ምን እንደሆነ ስንጨቃጨቅ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ገላገለችን። ከመጣን ጀምሮ እህል በአፏ የሚዞረው በልመና ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ግን «እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ውጪ እንብላ» አለች። እኛም በዚያው ቆረጥን። በየእሑዱ ወጥተን እንበላለን፤ ልጅቷ ሳትለመን ጠግባ የምትበላበት፣ እኔም ሳልነጫነጭ የምወጣበት አንድ ቤት ከተገኘ እንቀራለን። ለአንድ ትዳር ይህ ያነሰ መስፈርት ነው የሚል ካለ፣ ከዚህ ባነሰ ምክንያት የተፋቱ ሰዎች አውቃለሁ።

አስተማሪ ነኝና ደብተር አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ ቤት ከዐሥር አርማለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች፣ ባሌ ደግሞ ሰኔ ላይ ካርዱን እንደሚጠብቅ ሰነፍ ተማሪ ከጎኔ ሆኖ ፊቴን ያያል።

የመጀመሪያው ቤት ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሆቴል ነበር። «ምን አለ?» አልኩ። «ሁሉም አለ» አለችኝ አስተናጋጇ፣ በኩራት። ጥብስ አልቋል፤ ፍርፍር አልቋል፤ ዱለት ደግሞ ትናንት ነበር። «ታዲያ የቱ ነው ሁሉም?» ብላት፣ እንደማዘን ብላ አየችኝና «ሽሮ» አለች። ልጄ ሽሮውን አሸተተችና እጇን ሰበሰበች። ሦስት ከዐሥር ሰጠሁ፤ ሦስቱም ለኩራቱ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የፍየል ሥጋ ቤት ተጠቆምን። የአበርገሌ ፍየል እዚህ አገር ስሙ ሲነሣ ሰው ምራቁን ይውጣል፤ እውነታቸውን ነው፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ዘጠኝ ልሰጥ ዝግጁ ነበርኩ። ችግሩ፣ ሥጋ ቤቱ ከጓሮው አንድ ፍየል አስሮ ነበር፤ ልጄም ምግቡ እስኪደርስ ፍየሏን ጎበኘች፣ ቅጠል አጎረሰች፣ ስም አወጣችላት። ጥብሱ ሲቀርብ «ይቺ የማን እናት ናት?» ብላ ጠየቀች። ባሌን ውሃ አነቀው። ደብተሩ ላይ በእኔ ዘጠኝ ፈንታ በራሷ እጅ ትልቅ ዜሮ ጻፈች፤ ዜሮው ውስጥም ሁለት ቀንድ ሣለችበት።

ከዚያ ዓሣ እንሞክር አልን። ከተከዜ የሚመጣ ዓሣ እንዳለ ሰምተን ቤቱን ፈልገን ስናገኘው ግን የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ባለቤቱ «ዓሣ የለም፤ ጾም ነው» አለን። እኔም በአዋቂነት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በጾም ዓሣ እንደሚበላ አስረዳሁት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። «ይሆናል እታለም፤ የእናንተ ዓሣ ደም የለው ይሆናል። የኛ ግን አለው» አለኝና ክክ አቀረበልን። ያን ቀን ነጥብ ለመስጠት አልደፈርኩም።

አንዱን እሑድ ደግሞ ምግብ ይቅር፣ ሽርሽር እንሂድ ብለን ከድንጋይ የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ምሳችንን ቋጥረን ወጣን። ፀሐዩ አናታችንን እየበሳ ደረስን። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ከቄሱ ጋር ነው፤ ቄሱ ለቅሶ ሄደዋል፤ ለቅሶው ደግሞ ሌላ ወረዳ፣ ጋዝጊብላ ነው። «መቼ ይመለሳሉ?» ብለን የጠየቅናቸው ሽማግሌ «ሲመለሱ» አሉን፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሌላ መልስ ያለው ጥያቄ አልመሰላቸውም። አራት መቶ ዓመት ይሁን ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ ሥር ተቀምጠን የቋጠርነውን ፓስታ በላን፣ ግድግዳውንም በውጪ በኩል በደንብ ጎበኘነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ታኅሣሥ ሃያ ሆነ። የዚያን ዕለት የመመለሻ ትኬት ለሁለት ሰው ያዝኩ፤ ጥምቀትን ውለን፣ ጥር ዐሥራ ሦስት እንሄዳለን። ትኬቱን ሳሳየው ባሌ «እሺ» ብቻ አለ። ቢቆጣ እወድ ነበር። እኔ ስሸነፍ የምሳለቅ፣ እሱ ሲሸነፍ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ቤቱ እንዴት እንደሚከብድ የኖረበት ያውቀዋል። በማግስቱ እሑድ ነበር። «የመጨረሻ አንድ ቤት» አለ። ደብተሩን ይዘን ወጣን።

ወደ ዳገቱ ስንወጣ፣ አንድ ግቢ በር ላይ ጣሳ የተደፋበት ዘንግ ቆሟል። ያ የጠላ ቤት ምልክት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከውስጥ የሰው ድምፅ ሞቅ ብሏል፣ የወጥ ሽታም ወጥቷል። የሚበላበት ቤት ማለት ይሄ ነው ብለን ሰተት ብለን ገባን።

ቤቱ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። «ኧረ ግቡ፣ ግቡ! ኸዚህ ተቀመጡ!» አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን ደንበኛ አስተናጋጁም አይነሣልኝም፤ ለአቀባበሉ በሆዴ ሁለት ነጥብ ሰጠሁ። የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን ያደገደጉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «ሦስት በያይነት ያምጡልን እማማ፤ የልጅቷ ቃሪያ አይኑርበት» አልኳቸው። ለአፍታ አዩኝና «እሺ ልጄ» አሉ። አንድ ሽማግሌ ማስታጠቢያ ይዘው መጥተው አስታጠቡን። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው አስተናጋጅ መቅጠር ግፍ ነው ብዬ ለባሌ በጆሮው ነገርኩት። ጥግ ላይ ጥምጣም ያሰሩ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ቄስም ይርበዋል፣ አልገረመኝም። በእናቴ ቤት ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር አለማየቴ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል፤ ምን ይደረግ፣ ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው።

ሽሮና ምስር በአንድ ትልቅ ትሪ መጣ፤ አብረውን ሁለት አሮጊቶች ቀረቡ። ለብቻ ስላልቀረበልን ልነጫነጭ ስል ልጄን አየኋት። እየበላች ነው። አጠገቧ ያሉት አሮጊት አላባበሏት፣ «ብዪ» አላሏት፣ ብቻ በሷ በኩል ያለው ሽሮ ሲጎድል ከራሳቸው በኩል ይገፉላታል። ሽሮውን ጨርሳ ዳቦ አነሣች። እኔና ባሌ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ወዲያው ሁለታችንም ወደ ትሪው አቀረቀርን። ትኬቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ደስታዬን መደበቅ ስፈልግ ማረም ይቀናኛል። «ሰባት» አልኩ በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ ሰባት ከዐሥር ልጻፍ?» አለች ልጄ፣ ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ።

ቄሱ ከጥጋቸው ቀና አሉ። «ሰባት ያልሽው ምኑን ነው ልጄ?»

«ምግቡን፣ አባ» አልኩ፤ ምን ልበል?

«እሰይ። ሦስቱን ምን አጎደለብሽ?»

«ጨው ትንሽ… መስተንግዶውም ዘግየት ይላል።»

እመቤቲቱ ሮጠው ጨው አመጡ፤ ይቅርታም ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ነከሰ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። እንዲያውም ሰዓቱ ሄዷል ብዬ፣ አዲስ አበባ እንደለመድኩት፣ ሒሳብ ለመጠየቅ እጄን ከፍ አድርጌ አጨበጨብኩ።

ከልጄ ጎን ያሉት አሮጊት መዝሙር የጀመርኩ መሰላቸውና በጭብጨባ ተቀበሉኝ። ሌላዋ ዜማውን አነሡት። እመቤቲቱ እልል አሉ። በአንድ አፍታ ቤቱ በሙሉ ለእመቤታችን እየዘመረ ነው፤ እኔ ሒሳብ የጠየቅኩበት እጅ መሐል ላይ ሆኖ ያጨበጭባል፤ ባሌም ግራ ገብቶት ያጨበጭባል። ያኔ ከቄሱ ጎን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አየሁት። ታኅሣሥ ሃያ አንድ፤ የማርያም ቀን፤ የማርያም ማኅበር። ጣሳው እመቤቲቱ በገበያ ቀን ጠላ ስለሚሸጡ የሚሰቀል ነው፤ ያን ዕለት ሳያወርዱት ረስተውታል። የሰው ዝክር ላይ ሳልጠራ ገብቼ፣ አዝዤ፣ ነቅፌ፣ አርሜ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «ተመስገን» እል ነበር።

መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ እመቤቲቱ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ሒሳቡ…» አልኩ።

«የምን ሒሳብ ልጄ? የእመብርሃን እኮ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቄሱ ቆሙ፤ ሁላችንም ቆምን። ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞሩ። «በዚህ ማኅበር አንድ ልማድ አለ» አሉ። «ሳይጠራ መጥቶ የበላ እንግዳ እመቤታችን የላከችው ነው እንላለን። የሚቀጥለው ወር ጽዋ መጀመሪያ ለሱ ይሰጣል። ካልቻለ እምቢ ይበል፣ ማንም አይቀየመውም። ጥር ሃያ አንድን ትይዛላችሁ?»

የቤቱ ሰው ሁሉ ባሌን አየ። እሱ ደግሞ ለሁለት ወር አፍኖት የቆየውን በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አወጣው። «አባ፣ እሷና ልጄ ጥር ዐሥራ ሦስት ይሄዳሉ። ብቻዬን ነኝ የምቀረው» አለ። «ብቻውን የቀረ ሰው ማኅበር እንዴት ያወጣል? ሽሮ እንኳ አልችልም።»

ማንም አልሳቀም። ልጄ ዳቦዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቁጣ ነበር፤ መጀመሪያ በእሱ ላይ፣ ይህን በቤታችን ስላልነገረኝ፤ ቀጥሎ በራሴ ላይ፣ ደብተር ይዤ ምግብ ቤት ሳርም ባሌን ስላላየሁት። ፈራሁም። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ከጥር ዐሥራ አምስት ካለፍኩ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ ከአፌ የወጣው ግን «ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» የሚል ነበር።

«ዐሥራ ሁለት ነን» አሉ ቄሱ። «እናንተ ስትጨመሩ ዐሥራ አራት። ልጅቷም ትቆጠራለች እንጂ፤ ዐሥራ አምስት።»

ጽዋውን ተቀበልኩ። ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዳገቱን ስንወርድ ባሌ ደብተሩን ያዘልኝ፤ መንገዱን ሙሉም አፍንጫውን ይጠርግ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለ።

ጥር ዐሥራ ሦስት አውቶቡሱ በሰዓቱ ወጣ አሉ። እኔ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበርና አላየሁትም። ጥር ሃያ አንድ ዐሥራ ሁለቱም መጡ፤ እመቤቲቱም ማልደው መጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲያግዙኝ ዋሉ። የፍየል ወጥ ሠራሁ፤ ለልጄ ፍየሉ ከኒሯቅ የመጣ የሩቅ ሰው ነው ብዬ ዋሸኋት። አሮጊቷ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር፤ በላች። ቄሱ ባርከው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ። ከዚያ ልጄን ጠርተው «ደብተርሽን አምጪ» አሉ።

«ሰባት ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«ሦስቱን ምን አጎደለብዎት አባ?» አልኩ፤ እየሳቅኩ ልል ነበር፣ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

«ጨው» አሉ። «ግድ የለም ልጄ፤ ተራሽ እንደገና እስኪደርስ ትለምጅዋለሽ።»