ያለ መጋረጃ

ወረታ ውስጥ የመጠጥ ቤትና የሥጋ ቤት ታፔላ የምሠራው እኔ ነኝ። አባቴ የቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው፤ ሱቄን አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም። ስለ ሥራዬ ሲጠየቁ «ቀለም ታባክናለች» ይላሉ። እሳቸው በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚገልጡት፣ ሲበቃ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ደጅ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣ ነገር ለእሳቸው ከምንም አይቆጠርም።

ዐይናቸውን ላሳክም አዲስ አበባ የወሰድኳቸው ሰሞን፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወደው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ፖስተር ለጥቂት ቀን ሙዚየም መጥቷል ተባለ። ሰውዬው ከመቶ ዓመት በፊት የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ ይሥል ነበር። እንደኔው መሆኑ ነው። አባቴ ይህን ቢያዩ የኔንም ከሥራ ይቆጥሩልኛል ብዬ ለምኜ ወሰድኳቸው።

ምነው በቀረብኝ! የመክፈቻ ግብዣ ላይ ደረስን። አዳራሹ ቅባት ቅባት ይሸታል። ፖስተሯ ከምግቡ ጠረጴዛ ጀርባ ተሰቅላለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ያነሣች ጨፋሪ፣ ቢጫ ቀለሟ መጽሐፍ ላይ ከማውቀው የደመቀ። የክፈፉ መስታወት ላይ፣ ልክ ፊቷ ላይ፣ ዘይት የነካ አውራ ጣት ታትሟል። ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቷት ጥርሱን ይጎረጉራል። አንዲት ሴት የገመጠችውን ሳምቡሳ ክፈፉ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ትነሣለች። ሩዝ ማሳ ውስጥ አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቆ ሳገኝ እንደሚሰቀጥጠኝ ሰቀጠጠኝ። ስንት ዓመት የጓጓሁላት ሥዕል ፊት ሰው ቆሞ ያገሳል! ሁሉም አስጠሉኝ፤ ብተፋባቸው ደስታዬ ነበር።

አባቴ ወደ ፖስተሯ ሲጠጉ አየሁ። የተገለጠ እግሯን አይተው ሊያማትቡ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን ሳምቡሳውን አንሥተው ለሴትዮዋ መለሱላት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ክፈፉ ላይ ጣል አደረጉት።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «አባ፣ መንካት ክልክል ነው!»

«ሲበላባት ምነው ዝም አልህ?» አሉት። «በልተው ይጨርሱ። ኸዚያ እኔው እገልጥላቸዋለሁ።»

ጥበቃው ጋቢውን መልሶ ሰጥቶ ሁለታችንንም አስወጣን። እስከ ማረፊያችን ድረስ የዘይቱ ሽታ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ወረታ ስንገባ ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ሱቄ ሄዱ። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን ታፔላዎች አንድ በአንድ አዩ። ባጃጅ ሲያልፍ አቧራው በበሩ ገባ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «መጋረጃ የለሽም እንዴ?»