የተቆለፈባት ሌንስ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሜሮን እየተነጫነጨች መጣች። የጆሮ ጌጥና ቀለበት በስልክ ትሸጣለች፤ ፎቶውን የምታነሳው ቅንጣቱን ሁሉ አጉልቶ በሚያሳይ፣ ማክሮ በሚሉት ሌንስ ነው።

“አባባ፣ ሌንሴ ደበዘዘ። ጫልቱ ናት የነካችው። ይጠይቁልኝ፤ ካልሆነም ያስወጧት።”

ጫልቱ ጓሮ ያለውን ክፍላችንን የተከራየች ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች።

“ስትነካ አይተሻታል?”

“አላየሁም። ግን እሷ ናት!”

ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ።

በወጣትነቴ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነው የምንላት። መንገዱን ጋሪ ሞልቶት፣ የወንጂ ሸንኮራ በየደጁ እየተላጠ፣ በበጋ አቧራው ከምሳችን ጋር ይበላል። ጋሽ ታደሰ አቧራንም ሰውንም አያምኑም። ጥፍር የምታህል ጉርድ ፎቶ አጉልተው የሚገለብጡባት አንዲት ሌንስ ነበረቻቸው። እሷን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቆዳ ማኅደሯ ውስጥ ከትተው፣ ፊልም የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባታል። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። የምይዛትም አጠገቤ ቆመው እያዩኝ ነው። በጣት መንካት የለ፣ በአፍ እፍ ማለት የለ፤ አቧራዋን ሲጨመቅ አየር በሚተፋ የላስቲክ መንፊያ አራግፎ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ማበስ ብቻ።

አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። አንዲት ሴት ከደራ ጭቃውን አቋርጠው የሟች ባላቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። ሌላ የላቸውም፤ ሙት ዓመቱ ደርሷል። በሌንሷ ገልብጠን ስናጥበው የሰውየው ፊት ጉም ለብሶ ወጣ። ደገምነው፤ ያው ጉም።

“ምን አድርገሃት ነው?” አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

“ምንም።”

“በሸሚዝህ ጠርገሃታል! ቅቤ የነካው እጅህን አውቀዋለሁ።”

“ቁልፉ የማን አንገት ላይ ነው ጋሼ?”

“ሌባ ደግሞ ቁልፍ ይቸግረዋል?”

ሴትዮዋ ሰሙ። ደጅ የተጠለሉት ባለጋሪዎችም ሰሙ። ናዝሬት ያኔ ትንሽ ናት፤ ሌባ ከተባልኩ ሳይመሽ ገበያው ያውቀዋል፣ ማን ይቀጥረኛል? በሩ ላይ ተገተርኩ።

“ፀሐይ ላይ አውጥተው ይዩዋት። ጭረት ካለባት ፖሊስ ይጥሩ። እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።”

ጋሽ ታደሰ እየተራገሙ ይዘዋት ወጡ። ደመናው ለአፍታ ገለጥ ብሎ ነበር። ሌንሷን ወደ ብርሃኑ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ቆይተው ሰጡኝ። ላይዋ ንጹሕ ነው። ውስጧ ግን፣ ጣትም ጨርቅም በማይደርስበት፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር አድርቷል። ማኅደሯን ባሸተው የከረመ ቂጣ ይሸታል። ሻጋታ ነው። እርጥብ ክፍል ውስጥ፣ በጨለማ፣ ያለ ነፋስ ታፍና ነው የሻገተችው።

ጋሽ ታደሰ ይቅርታ አላሉኝም። ወደ ሴትዮዋ ዞረው “ልጁ የለበትም፤ እኔ ነኝ ያፈንኳት” አሉ፤ ፎቶውንም ሌላ ፎቶ ቤት ወስደው አስገለበጡላቸው።

ባለጋሪዎቹ ግን ዝናቡ ሲያባራ ሄደው ነበር። የሰሙት ሌባ መባሌን ብቻ ነው።

ጫልቱን አላስጠራኋትም። ነክታው ይሆናል፤ እኔ አላየሁም። ሜሮን አኩርፋለች፤ ታኩርፍ። እኔም ብሆን ሰው ቶሎ የማምን አይደለሁም። ነገር ግን ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ ሱቅ ስገባ፣ ባለሱቁ ዕቃውን እስኪያወርድልኝ ድረስ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምቆመው።