ጥጃ የላሰችው ራጅ

ድሮ ሮበሌ ከነፋስ ስልክ እስከ ቤቱ ያለችውን ዳገት ኩንታል ተሸክሞ ሲወጣት ወሬውን እንኳ አያቋርጥም ነበር። አሁን፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ ሲባል፣ እሱ ባዶ እጁን እየወጣ እንኳ መንገድ ላይ ይቀመጣል። የቀበሌው ጥበቃ «ጓድ ሮበሌ፣ ስብሰባ ሲጠሩህ ትቀራለህ፣ ሳይጠሩህ በራችን ላይ ትቀመጣለህ» እያለ ይቀልድበታል። ለቀልድ መልስ መስጠትም ትንፋሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ሮበሌ እጁን ብቻ አንስቶለት ያልፋል።

ሰውዬው ወፍጮ ወቃሪ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭበት ከርሞ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ በኋላ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አያደቀውም። ያን ጊዜ «ሮበሌን ጥሩት» ይባላል። እሱም መውቀሪያውን ይዞ ይመጣና፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ድንጋዩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያሻክረዋል። በሩን የሚዘጋው ብናኙ ደጅ ወረፋ በያዘው እህል ላይ እንዳያርፍ ነው። «ዱቄቴ ድንጋይ ድንጋይ አለኝ ብላ የምትረግመኝ ሴት እንዳትኖር» ይላል፤ የሙያ ኩራቱ እሱ ነበር። ከጎፋ እስከ ለቡ እጁ ያላረፈበት ወፍጮ የለም። ጨርሶ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ይሆናል፤ ሴቶቹም «ሙሽራው ወጣ!» ብለው ይስቁበታል። ወይ ሙሽርነት! ያ ሁሉ ብናኝ የት ይገባ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ከዚያ ደረቅ ሳል መጣ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ራጅ ተነሣ፤ ድሬሰር የሚሉት የጤና ረዳትም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ አየና «ሳንባ ነቀርሳ ነው» አለው። በቃ። መርፌውን ቂጡ ወንፊት እስኪመስል ተወጋ፣ ኪኒኑን ሳያጓድል ዋጠ፤ ሳሉ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰለትም።

ከሳሉ ይልቅ ያደከመው ሌላ ነገር ነው። ሮበሌ ከጤና ጣቢያው የተመለሰ ዕለት፣ ማንም ሳያዘው፣ ሳህንና ጣሳውን ለየ። ሚስቱ ቡዜ «ተው አንተ ሰው፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብላ ብትለምነው «ብቻዬን ልሙት እንጂ እናንተን ይዤ አልሄድም» አላት። ከዚያ ወዲህ እነሱ ከገበታው ዙሪያ፣ እሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆኑ። በዚሁ መሃል ልጁ ገበያነሽ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጤናዬ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ስም አወጣላት እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልታቀፋትም። አሁን ልጅቱ በእግሯ መሄድ ጀምራ «አካኮ! አካኮ!» እያለች ወደ አያቷ ስትንደረደር እናቷ መንገድ ላይ ትቀልባታለች፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የሚፈራው ሞቱን አይደለም፤ ከዚያች ገበታ እንደተለየ መሞቱን ነው።

በመጨረሻ ቡዜ ጎትታ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አባይነህ የሚባል ወጣት ሐኪም ደረቱን አዳመጠው፣ አዲስ ራጅም አስነሣው። ከዚያ «የቀድሞውን ራጅ ካላመጡልኝ ቁርጡን መናገር አልችልም» አለው። «በሽታው ወዴት እየሄደ እንደሆነ የማውቀው ሁለቱን ሳስተያይ ነው።»

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሮበሌ ያን ፊልም «የበሽታው ፎቶ ቤቴ አይገባም» ብሎ የጥጃ ጋጣ ግድግዳ ላይ በሽቦ ሰቅሎት ነበር። ሄዶ ቢያይ የዘንድሮዋ ጥጃ ከአንድ ወገን ጀምራ ግማሹን ልሳ ልሳ እንደ መስታወት አጥርታዋለች! ቡዜ «ወይ ጉዴ! ጥጃ ሳንባ ትልሳለች?» ብላ ሳቅ ስትጀምር ለቅሶ ሆነባት። ምን ይደረግ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሮበሌ የተረፈውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በቀጠሮው ቀን ብቻውን ሄደ።

«ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ጥጃ» አለ ሮበሌ። ተጨማሪ ቃል ለማውጣት ደክሞት ነበር።

ሐኪሙ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «ግድ የለም፣ አንደኛው ሳንባ ተርፏል። ይበቃናል።»

ሁለቱን ፊልሞች መብራት ያለበት ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ሰካቸው። በአሮጌው ላይ ከሳንባው ጥግ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ነገር ይታያል። በአዲሱ ላይ ድሩ ወፍሮ ወደ መሃል ገብቷል፤ ሳንባውም ራሱ ተኮማትሮ አንሷል። ለዚህ መማር አያስፈልግም፤ ሮበሌም አየው።

«ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ መርፌ በኋላ ይቀንስ ነበር» አለ ሐኪሙ። «አክታዎም ላይ ምንም አልተገኘም። ሥራዎ ምንድን ነው?»

ሮበሌ ነገረው፤ በሩን እንደሚዘጋም ጭምር። ሐኪሙ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «የድንጋዩ ብናኝ ነው፣ አባቴ። ሳንባዎ ጠባሳ ሆኗል። ጠባሳው ይሰፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። መውቀሩን ዛሬውኑ ይተዉ፤ የሚያድን መድኃኒት ግን የለኝም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ይጋባል?»

«አይ፣ አይጋባም። ጠባሳ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል እንዴ?»

«አብሬ ብበላስ? ሕፃን ብታቀፍስ?»

«ይብሉ። ይታቀፉ።»

ሮበሌ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦ አንገላታው፣ እንባውን አመጣው፤ እሱ ግን መሳቁን አልተወም። ሐኪሙ ግራ ገባው። «አባቴ፣ አይድንም ነው እኮ ያልኩዎት።»

«ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዳገቱን እያረፈ እያረፈ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ራት ቀርቧል። የሱም ሳህን እንደ ወትሮው በርጩማው አጠገብ ተቀምጧል። ሮበሌ በርጩማውን አልፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከገበታው ቁጭ አለ። ገበያነሽ ደንግጣ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ምነው አንተ ሰው፣ ነካህ እንዴ?» አለች ቡዜ።

«ነቀርሳ አይደለም። አይጋባም አለኝ።»

ቡዜ እልልታውን አቀለጠችው። ገበያነሽ እጇን ስታላላ ጤናዬ አምልጣ አያቷ ጭን ላይ ወጣች፤ ጺሙንም ጨምድዳ ያዘች። ሮበሌ አለቀሰ፤ አላፈረበትም። ደስ ብሎታል፣ ደክሞታል፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሱም አያውቅም።

ቡዜ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት። «ታዲያ መድኃኒቱንስ ሰጠህ?»

ሮበሌ ለጉርሻው አፉን ከፈተ። አጎረሰችው።

ማኘክ ጀመረና መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረው። ጉርሻው በጉንጩ እንዳለ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈ ቆየ። መድኃኒት እንደሌለው ቡዜ ያን ጊዜ ገባት። እጇን ከገበታው ሰበሰበች፤ ገበያነሽም ሰበሰበች። ሮበሌ እስኪውጥ ድረስ ማንም አልጎረሰም።