ጆንያ የለበሱ ምሰሶዎች

ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከተከራየሁት ክፍል ፊት ለፊት አዲስ ቤት እየተሠራ ነው። የአርማታ ምሰሶዎቹ እስኪጠነክሩ ውሃ የምታጠጣቸው አንዲት ሴት ናት፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ትልቅ የወንድ ቦቲ ትጫማለች። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ በጎማ ሲረጭ ውሃው እስከ መንገዱ ይወርድ ነበር። እሷ ግን ከቡና መጋዘን አሮጌ ጆንያ ለምና አምጥታ ምሰሶዎቹን አለበሰቻቸው። ጠዋት ጆንያውን በጣሳ ውሃ ታርሰዋለች፤ እርጥበቱን ይዞ ይውላል። ከሥር የሚንጠባጠበውን በሳፋ ተቀብላ የአጥሩን ችግኞች ታጠጣበታለች።

አንድ ቀን፣ "ይሄን የት ተማርሽው፣ እህቴ?" አልኳት።

"ልጄ ናት የነገረችኝ" አለች፣ በአገጯ ወደ ዩኒቨርሲቲው እየጠቆመች። "ኢንጂነሪንግ ነው የምታጠናው፣ ማሻአላህ። ጎረቤት ቤት እያሠራ ነው እያልኩ በስልክ እጠይቃታለሁ።"

"መጥታ ብታየው ደስ ይላታል።"

"እዚህ መሆኔን አታውቅም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰኮሩ ከተማ ሱቅ ውስጥ የምሠራ ነው የሚመስላት። የቀን ሥራ መግባቴን ብትሰማ ትምህርቷን ትታ ልርዳሽ ትላለች።"

አሥር ሰዓት ላይ ተማሪዎች በመንገዱ ማለፍ ሲጀምሩ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታወርዳለች። ከመካከላቸው አንዷ ስትመጣ ግን ጣሳውን አስቀምጣ፣ ከምሰሶው ጀርባ ሆና፣ እስክትርቅ ድረስ ታያታለች።