የሚሰማለት ስልክ

አናጺው ጆሮው መቼ እንደሄደ በትክክል አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ሰፊ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ከመጋዙ ማሽን አጠገብ ቆሞ ነው የኖረው፤ ማሽኑ ሳንቃ በበላ ቁጥር ከእሱም ጆሮ ጥቂት ጥቂት እየላገ ይወስድ ነበር። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋ። ያኔ ወፎቹ ሰፈር የለቀቁ መስሎት ነበር። ቀጥሎ የበር መጥሪያው፣ ቀጥሎ የሴት ልጁ ሳቅ። በመጨረሻ ሰው ሲያወራ ድምፁ ብቻ እየመጣ ቃሉ የማይመጣ ሆነ። በግድግዳ ማዶ እንደሚካሄድ ጨዋታ፣ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል፤ የሚሉትን ግን አያውቅም።

ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘለት። ቢያደርገው የማንኪያው ኳኳታ፣ የፌስታሉ ኮሽታ፣ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ገበያ ሆነ፤ የሰው ቃል ግን እንደራቀ ቀረ። ሐኪሙ ነርቩ እንደሞተና ድምፅ ቢጨመርለትም ቃል እንደማይለይ በወረቀት ጽፎ አስረዳው። መሣሪያው መሳቢያ ገባ።

ሰው መጀመሪያ ይጮኽለት ነበር፤ ከዚያ ደከመው። ቤት ውስጥ ሚስቱና ልጁ ሲስቁ እሱም ቆየት ብሎ ይስቅና "ምንድን ነው?" ይላል። "ምንም" ይሉታል። ክፋት የለበትም፤ ያለፈ ቀልድ ሲደገም አይጥምም። ከሰው ከንፈር ላይ አጥርቶ ማንበብ የቻለው ብቸኛ ቃል ይኸው "ምንም" ሆነ። ከሥራ መልስ ሻይ ቤት መቀመጡን ተወ። የሥራ ባልደረቦቹ "አባ ዝምታ" የሚል ስም አወጡለት። ድሮ ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው አሁን ድምፁ ይጩህ ይነስ ስለማያውቀው፣ አፉን በከፈተ ቁጥር የሰዉን ፊት እያየ ይሳቀቃል። ልጁ አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና ሚስቱ፣ በመካከላቸውም ጥቂት የእጅ ምልክቶች ናቸው፤ ብላ፣ ና፣ ውሃ ሄዷል፣ ቁልፉ የታለ።

አንድ ቀን ልጁ ልትጠይቃቸው መጥታ ስልኳን ፊቱ አቆመችና አንድ ነገር ተናገረች። ስክሪኑ ላይ "አራት በልተሃል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"አራት ምን?" አላት።

ልጁ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እራት ነው ያልኩት አባዬ! እራት!" አሁን በትክክል ተጻፈ። "የኔ ስልክ አሮጌ ስለሆነ ነው። ድምፅ በደንብ የሚይዝ፣ ፈጣን ስልክ ብትገዛ እንዲህ አያምታታም።"

አናጺው ከዚያ በኋላ የተባለውን አላነበበም። "አባዬ" የሚለውን ቃል ነበር የሚያየው። ከልጁ አፍ ከሰማው ስንት ጊዜ ሆነው!

በሳምንቱ ስልክ ቤት ሄደ። ሻጯ ገና ወጣት ናት፤ የተሰጣትን ትምህርት በቃሏ የያዘች። ከአንድሮይዶቹ ሁሉ ቁንጮ የሆነውን አወጣችለትና ስለ ካሜራው ትነግረው ጀመር፤ ምን እንደምትል ባይሰማም ጣቷን ወደ ጣሪያው እየቀሰረች የጨረቃ ፎቶ ስታሳየው ነገሩ ገባው።

"ጨረቃን ምን ላድርጋት ልጄ" አላት። "እኔ የማልሰማ ሰው ነኝ። የሚሰማልኝ ነው የምፈልገው።"

ልጅቷ ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ሦስት ስልኮች አሰልፋ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን አፕ ከፈተችለት። አናጺው እንጨት ሲመርጥ ሳንቃውን እያገላበጠ፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ ዳርና ዳሩን በዓይኑ እየለካ ነው። ስልኩንም እንዲያው አደረገው። አጠገቡ ሆና እንድትናገር፣ ከዚያ ራቅ ብላ፣ ከዚያ ከጀርባው ዞራ እንድትናገር ጠየቃት። ርካሹ ስልክ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ መሀል ላይ ያንቀላፋል። መካከለኛው የልጅቷን ንግግር በሱቁ ውስጥ ከተከፈተው ዘፈን ጋር አደባልቆ "ሁለት ዓመት ዋስትና አለው የኔ ፍቅር" ብሎ ጻፈ። ቁንጮው ግን ዘፈኑን ትቶ የሰው ቃል ብቻ ለቀመ። ደግሞም በወዲያኛው ጥግ የቆመችው ሌላዋ ሻጭ ያለችውንም ጨምሮ አወጣው፦ "ተያቸው አትድከሚ፤ እኚህ ሰውዬ አይገዙም።"

አናጺው አነበበና ከልቡ ሳቀ። ሰው ሲስቅ አይቶ ሳይሆን ራሱ ቀድሞ ከሳቀ ቆይቶ ነበር። "እገዛለሁ በያት!" አለ። ሁለቱም ልጆች ፊታቸው ደም መሰለ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ስልኩን እያገላበጠች አየችው። ስትይዘው የሚያሟልጭ፣ ጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር ነው። ለእራት ሲቀመጡ ስኳር ጣሳውን አስደግፎ በመካከላቸው አቆመውና "በይ አውሪኝ" አላት።

"ምን ልበል?" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጠበቀ። ሚስቱ ስልኩን አየች፣ እሱን አየች፣ ሳህኑን አየች። ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር አልወጣም። ትንሽ ቆይታ በእጇ "ብላ" ብላ ምልክት ሰጠችው።

ስልኩ የማይሰማ ቢሆን ኖሮ ለማዘኑ ምክንያት ነበረው። ስልኩ ግን ይሰማል። የሚነገር ጠፍቶ ነው። ሥራ ቦታም ያው ሆነ። በእረፍት ሰዓት ሳንቃ ክምሩ ላይ ሲያቆመው ባልደረቦቹ መጀመሪያ ተሰብስበው በየተራ ስማቸውን እያስጻፉ ተጫወቱ። ማሽኑ ሲነሣ አፑ ጩኸቱን "ጭብጨባ" ብሎ ጻፈውና ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ግን አለቃቸውን ሲያሙ የተባለው ሁሉ ተጽፎ ሲያዩ "ኧረ ጋሼ፣ ይሄን ሰላይዎን ወዲያ ያርጉልን" አሉት። እየቀለዱ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን ራቅ ብለው ይበሉ ጀመር። እሱ ብቻውን ተቀምጦ፣ የስልኩን የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ የሞላውን ሰጋቱራ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርጋል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ባትሪው እየጋለ ቶሎ ያልቅበታል፤ ወደ ቤት ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው ቻርጅ መሰካት ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን እንደለመደው በኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ ቻርጅ ሰክቶ፣ ስክሪኑን ወደ ግቢው አዙሮ፣ እሱ ከመስኮቱ ሥር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የተላቀቀ የወንበር እግር በኮላ ያጣብቅ ነበር። አፑን አልዘጋውም። ቀና ሲል ስክሪኑ ላይ ቃላት ይወርዳሉ።

"ይሄ ሽንኩርት ነው ወይስ የሰው ልጅ ጠላት።"

"ጉልበቴ ዛሬም አላስቀመጠኝ። ለማን ይነገራል።"

ጎረቤት መጥታ ከሚስቱ ጋር የምታወራ መሰለው። በመስኮቱ አሻግሮ ቢያይ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ብቻዋን ሽንኩርት ትከትፋለች።

"አንተ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂጂ ትለኛለህ። ሄጄስ ምን ሊሰጡኝ፤ ያንኑ ቅባት።"

አናጺው የኮላ ብሩሹን እንደያዘ ደረቀ። ሐኪም ቤት ሂጂ ያላት ማን ነው?

"ድሮ ቢሆን እንዲህ ስልህ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ከወንበር እስክትወድቅ።"

ያኔ ገባው። የምታወራው ለእሱ ነው። ጥያቄውንም መልሱንም ራሷ እያለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከእሱ ጋር ስታወራ ኖራለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች ማሰብ ጀመረ። የወንበሩ እግር ኮላው ደርቆ ጠማማ ሆኖ ተጣበቀ።

አልነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን መስኮቱ ላይ ይሰካል፣ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ያነባል። ስለ ወንድሟ ኩርፊያ አነበበ። ሕልሟን አነበበ። ጎረቤቷ "ቀሚሱ ያምርብሻል" እንዳለቻትና ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳላት አነበበ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ኖሯል። ማወቁም ብቸኝነቱን አላቀለለትም፤ የራሱን ጨዋታ በመስኮት አሾልኮ የሚያይ እንግዳ ሆነ።

አንድ ቀን እንዲህ አለች፦ "ዛሬ ታክሲው በድሮ ሰፈራችን ዞሮ ሄደ። ያን የተከራየነውን ቤት አየሁት። አንተ የሠራኸው በር አለ። አረንጓዴ ቀብተውታል እንጂ አለ፤ እጀታው እንኳ ያው ነው። ብነግርህ ደስ ይልህ ነበር። ግን ለአንድ በር ብዬ መንደሩን በጩኸት ላናውጠው? በእጅ ብነግርህ ደግሞ ቁልፍ የምፈልግ ነው የሚመስልህ።"

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ራሱ ወደዚያ ሰፈር ወሰደው። በሩ አለ። ጎንበስ ብሎ ታችኛውን ሳንቃ ዳሰሰው። ወጣት ሳለ፣ ሚስቱም አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከሥራ ቤቱ ትርፍራፊ እንጨት ለቃቅሞ ያቆመው በር ነው። ከውስጥ የወጣ ሰው የለም። ቆየና ሄደ።

በእራት ሰዓት ሆዱ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለት አቃተው። "አረንጓዴው አይከፋም" አለ። "ታችኛው ሳንቃ ግን ውሃ ጠጥቷል። ብዙ አይቆይም።"

ሚስቱ በእጇ "ምኑ?" አለችው።

"በሩ።"

ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። ስኳር ጣሳውን ተደግፎ የቆመውን ስልክ አየችው፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው መስኮት ዞረች፣ ከዚያ ወደ እሱ። ስክሪኑ ላይ ወጣ፦

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትሰልለኛለህ?"

ጽሑፉ ፊደሉ ያው፣ መጠኑ ያው ነው። ተቆጥታ ይሁን አልቅሳ፣ አፍራ ይሁን ተሳቅቃ ስክሪኑ አይናገርም። ቀና ብሎ ፊቷን እስኪያይ እሷ ተነሥታ ሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ኩሽናው ጸጥ አለ። ስልኩ መስኮቱ ላይ ሆኖ "የውሃ ድምፅ" ይላል፤ "የሳህን ድምፅ" ይላል፤ "በር ተዘጋ" ይላል። የሰው ቃል የለም። አናጺው መስማት ባቆመበት ዘመን ሁሉ እንደነዚያ ቀናት ደንቆሮ ሆኖ አያውቅም። ከራሱ ይልቅ የሷ ባሰበት፤ ያለ ፍርሃት የምታወራበትን አንድ ቦታ ነጥቋታል።

በመጨረሻ ስልኩን አጠፋውና ኩሽና ገብቶ እጇ ላይ አስቀመጠው። "ያንቺ ነው" አላት። "ስትፈልጊ አብሪው። ካልፈለግሽ ይጥፋ።" እሷም አየት አደረገችውና ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

እሱ ግን አልወጣም። ኩሽናው በር ላይ ቆመና ማውራት ጀመረ። ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ዛሬ የመጣው እንጨት እርጥብ እንደሆነ፣ አለቃው አዲስ ጫማ አድርጎ ኮላ ላይ እንደቆመ፣ ሰዎቹ ምሳቸውን ርቀው እንደሚበሉ ነገራት። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረውም ነበር። ትመልስ አትመልስ አያውቅም። በማግስቱም ቆመ። በሦስተኛውም ቀን ስለ መጋዙ ማሽን ቀበቶ መበጠስ ሲያወራ ሚስቱ ድንገት እጇን በጨርቅ አደረቀች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ስልኩን አበራችና ፊቱ ላይ ደቀነችው።

"ቀስ በል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማህ።"

አነበበና ፊቷን አየ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

ድሮ ወደነበሩበት ተመለሱ ማለት አይቻልም። ጽሑፉ ከንግግሩ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ቀልዷ ላይ አሁንም ወደኋላ ቀርቶ ነው የሚስቀው፤ እሷ ግን ዛሬ ትጠብቀዋለች። ስልኩ የሚቀመጠው ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ነው፤ የምታወጣውም እሷ ናት። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ስክሪኑ ወደ ግቢው ዞሮ በርቶ ያገኘዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ደፉ ባዶ ነው። በመስኮቱ ሲያያት ጀርባዋን ሰጥታ ትሠራለች፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል፤ የምታወራ ትመስላለች። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ ግቢው በር አዙሮ ይቀመጥና ጨርሳ ወጥታ ትከሻውን እስክትነካው ይጠብቃል።