አቅጣጫ ያልያዘ ክር

ሥራዬ የነርቭ ሴል ማሳደግ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ ስል ይስቃል፤ ይሳቅ። አዲስ ሴል የላብራቶሪ ሳህን ላይ አራት አምስት አጫጭር እግር ያወጣል፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ውስጡን እንደ ጎጆ ማገር ያቆሙት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እነሱ ባንደኛው እግር ውስጥ ሲጸኑ፣ ያ እግር ረዝሞ መልእክት የሚልክ ክር ይሆናል፤ የቀሩት ተቀባይ ይሆናሉ። ቱቦዎቹ ካልጸኑ ግን ሴሉ ፊቱንና ኋላውን አያውቅም።

ታላቅ እህቴ ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣችው ከሁላችንም ዘግይታ ነው፤ ዕብራይስጡ ገና አልገባትም። ስታረግዝ ለሐኪሞቹ የኔን ስልክ ሰጠች። የምርመራውን ውጤትም መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ የተበላሸውን ዘረመል ስትጠራ ወዲያው አወቅሁት። እነዚያኑ ቱቦዎች የሚሠራው ነው። የጽንሱ አንጎል እንደሚገባው አልተሠራም፤ ቢወለድም የሚቆይ አይመስለንም አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። እኔ ምን ብዬ ልከራከር? በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

እናቴ ወደምትኖርበት ከተማ፣ ወደ ቂርያት ማላኪ፣ ሄጄ ነገርኳት።

«ውይ በሞትኩት!» አለች። ቀጥላም፣ «በስልክ እንዳትነግሪያት። ክፉ ወሬ በወጉ ነው የሚነገር፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዘን።»

«እማ፣ የሞተ ሰው የለም እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ የተማርሽው አንቺ» ብላ ዘጋችኝ። ከእናቴ ጋር ተሟግቶ የረታ የለም።

በማግስቱ ሽማግሌ እንዲሆነን አጎቴን ከገዴራ ጭነን ሳይነጋ ያቭነ፣ እህቴ ቤት ደረስን። ደረጃው ላይ እናቴ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቀች። ልመልሰው ስል በሩን አንኳኳች።

እህቴ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ አጎቴን፣ ከዚያ የእናቴን ነጠላ። ሽማግሌ በማለዳ ደጅ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ጎንደር ያደገ ሰው አይጠፋውም።

«ማን ሞተብኝ?» አለች። «ባሌ ነው? ፋብሪካ ነበር ያደረው!»

«አይደለም፣ እሱ ደህና ነው» አልኳት።

«ታዲያ ማን?»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስታችንም ሳናስበው ሆዷን አየን። እሷም ዓይናችንን ተከትላ ወደ ታች አየች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጭና ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ሆናችኋል?» ብላ ጮኸች። «እየረገጠኝ እኮ ነው!»