ያላበው ጋን

ኢቲማድ ልጅ ሳለች አስተማሪዋን “ጨረቃ ቀን ላይ ለምን ትታያለች?” ብላ ጠይቃ፣ “ለሴት ልጅ ይሄ ምን ያደርግላታል? ተቀመጪ!” ተብላለች። መልሱን ያገኘችው አስዩጥ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው። ከዚያም በደቡብ ግብፅ ቄና ከተማ አጠገብ ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች መንደራችን ተመልሳ በሴቶች ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመረች።

ተማሪ ሲጠይቃት ቶሎ መልስ አትሰጥም። “እንዴት ማወቅ እንችላለን?” ትላለች። ልጃገረዶቹ መምህርታቸውን “አብላ” ነው የሚሏት፤ በመጀመሪያ “አብላ ራሷም አታውቅም!” እየተባባሉ በሻሻቸው ተከልለው ይስቁባት ነበር።

አንድ የግንቦት ቀን የሸክላ ሠሪው የአቡልወፋ ልጅ ሩህያ እጇን አወጣች።

“አብላ፣ ጋን ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በረዶ የጨመረበት የለ!”

“አንቺስ ምን ይመስልሻል?”

“ስለሚያልበው ይሆን?”

“እንዳያልበው ብናደርግስ?”

“ሽቶ እንቀባዋለና!” አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሩህያ በማግስቱ ከአባቷ ሁለት ትናንሽ ጋኖች፣ ከጎረቤት ደግሞ ሰማያዊ የበር ቀለም ይዛ መጣች። አንዱን ጋን ዙሪያውን ቀባችው፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሁለቱንም ውሃ ሞልታ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው።

አቡልወፋ ወሬውን ሰምቶ እየተቆጣ መጣ።

“መምህርት፣ ልጄን የላክኋት ልትማር ነው ወይስ ጋን ልታበላሽ? ሰማያዊ ጋን ማን ይገዛኛል?”

“ቁጣው ይደርሳል፣ ሐጂ። መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ።”

ካልተቀባው ጠጣና “አልሐምዱሊላህ!” አለ። ከሰማያዊው ሲጎነጭ ፊቱን አጨማደደ።

“ይሄማ ሾርባ ነው!”

ሩህያ አስረዳችው፤ ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች ሾልኮ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቀለሙ ግን መውጫውን ዘጋበት። አባቷ ጢሙን እያሻሸ አዳመጣት።

“እሺ፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ቢቆምስ?”

“እንዴት ማወቅ እንችላለን?” አለችው ልጁ።

ልጃገረዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቁ አመለጠው፤ ያልተቀባውን ጋን ራሱ ተሸክሞ ንፋስ ወደሚገባበት ወደ በሩ ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው በዛ፤ ሊጥ ለምን ይነፋል፣ እንሽላሊት ጅራቷ ተቆርጦ እንዴት ይበቅላል። የትምህርት ተቆጣጣሪው “መጽሐፉን አልጨረስሽም” ብሎ ስለወቀሳት፣ ኢቲማድ ተማሪዎቹን ከሰዓት በኋላ እያስቀረች አካካሰች። ለማግባት ትምህርት ያቋረጡም ነበሩ። ቤታቸው ሄዳ ወላጆችን ትለምናለች፤ አንዳንዱ ይሰማታል፣ አንዳንዱ ሻይ አጠጥቶ ይሸኛታል። ሩህያ ግን ዘልቃ ተምራ ዛሬ ቄና ውስጥ የመጠጥ ውሃ ትመረምራለች።

ኢቲማድ ጡረታ ወጥታለች። ባለፈው ዓርብ የጎረቤት ልጅ መጥታ “የሌሊት ወፍ ተዘቅዝቃ ስትተኛ አያዞራትም?” አለቻት። ኢቲማድ መልሱን አታውቅም ነበር። ጫማዋን አጠለቀችና ሁለቱም የእጅ ባትሪ ይዘው የሌሊት ወፎች ወደሚኖሩበት አሮጌ ወፍጮ ቤት ሄዱ።